ብረትን ከብረት ስለ ማዋሐድ፤ በጓሮው ብየዳን ለሚጀምር ሰው

(በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር)



ከጅማ ከተማ ተነሥቶ ወደ ቦንጋ በሚወስደው መንገድ ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ሰቃን ያገኛል። ጥቅምት ከገባ ጀምሮ በዚያ አገር በየቤቱ ደጃፍ ቀይ የቡና ፍሬ ተሰጥቶ ማየት የተለመደ ነው። ከባለ ቡናዎቹ አንዳንዱ ፍሬውን በመሬት ላይ በተነጠፈ ሸራ ያሰጣል፤ አንዳንዱ ደግሞ የባሕር ዛፍ አጣና አቁሞ፥ በላዩ ሽቦ ወይም የቀርከሃ ምንጣፍ ዘርግቶ፥ ከምድር ከፍ ባለ አልጋ ላይ ያደርቃል። ሁለተኛው መንገድ የተሻለ መሆኑ የታወቀ ነው። ለምን ቢሉ፥ በአልጋ ላይ የተሰጣውን ቡና ነፋስ ከላይም ከታችም ስለሚያገኘው ሳይሻግት እኩል ይደርቃል፤ በአፈር ላይ የደረቀው ግን የአፈሩን ሽታ ይዞ እስከ ስኒው ድረስ ይሄዳል።

ዳሩ ግን የአጣናው አልጋ ዕድሜው አጭር ነው። ክረምቱ እግሩን ያበሰብሰዋል፤ ምስጥ ከሥር ይበላዋል፤ ጥቂት ዓመት ሳይቆይም አዲስ አጣና መቁረጥ ግድ ይሆናል። በመከር መካከል አንዱ እግር የተሰበረ እንደሆነ፥ ዓመት ሙሉ የተደከመበት ፍሬ ጭቃ ውስጥ ይወድቃል። ስለዚህ የጓሮውን አልጋ በብረት ለመሥራት የሚያስብ ሰው ቢነሣ የሚያስደንቅ አይደለም።

እንግዲህ አንድ የሰቃ ወጣት ይህንኑ አስቦ፥ ለባለ ሞያ የሚከፍለውን ገንዘብ ለመቆጠብም ሆነ ሞያውን ለመጨበጥ ሲል፥ የብየዳ ማሽን ተውሶ በጓሮው ሊጀምር ነው እንበል። የዛሬው ንግግራችን ለእርሱና እርሱን ለመሰሉት ሁሉ ነው። ልንነግረው የምንወደውም ዋና ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም ብየዳ ማለት ብረትን ከብረት ማጣበቅ ሳይሆን፥ ሁለቱን አቅልጦ አንድ አካል ማድረግ ነው። ይህን ያወቀ ሰው የቀረውን ትምህርት ሁሉ ከዚሁ ያወጣዋል፤ ይህን ያላወቀ ግን ከላይ ሲያዩት ያማረ፥ ቡናው ሲጫንበት የሚፈርስ አልጋ ይሠራል፤ ከዚያም ይልቅ የከፋው፥ ብረት ስለሚያቀልጠው እሳት ኀይል ስላላሰበ ዓይኑንና ሕይወቱን ለአደጋ ያጋልጣል።

ብረትን ከብረት ማዋሐድ ለአገራችን እንግዳ ሞያ አይደለም። ማረሻውን፥ ማጭዱንና መጥረቢያውን ሲሠራልን የኖረው ቀጥቃጭ፥ በኦሮምኛ ቱምቱ የሚባለው ባለ እጅ፥ ሁለቱን ብረት በከሰል እሳት ውስጥ ከትቶ፥ ወናፉን እየነፋ፥ ነጭ እስኪሆኑ ድረስ ያግላቸዋል፤ ከዚያም በጉጠት አውጥቶ በሰንዳን ላይ ደራርቦ በመዶሻ ሲመታቸው ይዋሐዳሉ። የዛሬው በያጅ የሚሠራው ሥራ በመሠረቱ ከዚህ አይለይም፤ ልዩነቱ የወናፉና የከሰሉ ሥራ በኤሌክትሪክ መተካቱ፥ ብረቱም ከመጋል አልፎ መቅለጡ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኤሌክትሪክ የሚያልፍባቸው ሁለት ጫፎች ተነካክተው ጥቂት የተራራቁ እንደሆነ፥ በመካከላቸው ያለው አየር ራሱ የኤሌክትሪክ መተላለፊያ ይሆንና እጅግ የበረታ ብርሃንና ሙቀት ይሰጣል። ይህም የኤሌክትሪክ ቅስት ይባላል። በዚህ ቅስት ብረት ለመበየድ የመጀመሪያውን ታላቅ ሙከራ ያደረገው በሩሲያ ግዛት የተወለደው ኒኮላይ ቤናርዶስ ሲሆን፥ ጊዜውም በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1881 ዓ.ም. ነበረ። እርሱ ቅስቱን የሚያወጣው በካርቦን ዘንግ ነበር። በ1888 ዓ.ም. ኒኮላይ ስላቭያኖቭ የካርቦኑን ዘንግ በብረት ዘንግ ተካው፤ ከዚያ ወዲህ ዘንጉ ራሱ እየቀለጠ መጋጠሚያውን የሚሞላ ሆነ። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይም የስዊድን ተወላጅ የሆነው ኦስካር ሼልበርግ ዘንጉን በልዩ ልዩ ማዕድን ለበጠው። ዛሬ በየሱቁ ኤሌክትሮድ እያልን የምንገዛው ከዚህ የመጣ ነው። ልባጡ ያለ ነገር አልተደረገም፤ ሲቃጠል የሚሰጠው ጭስ የቀለጠውን ብረት ከአየር ይጋርደዋል፤ የቀረውም በላዩ ቅርፊት ሆኖ እስኪበርድ ድረስ ይሸፍነዋል። ያለዚህ መጋረጃ የቀለጠው ብረት ከአየር ጋር ተቀላቅሎ ተሰባሪ ይሆናል።

ብረት የሚቀልጠው በ1538 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲሆን፥ የቅስቱ ሙቀት ግን ከ5000 ዲግሪ በላይ ይደርሳል። የጅማ አካባቢ ሰው ለዚህ ኀይል ምንጭ ባዕድ አይደለም፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2004 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የግልገል ጊቤ ማመንጫ 184 ሜጋ ዋት ኤሌክትሪክ የማመንጨት ዐቅም ያለው ሆኖ የተሠራው በዚሁ በጅማ ምድር ነው። ወንዙ ወደ መብራት የተለወጠለት ሰው፥ መብራቱን ደግሞ ወደ እጅ ሥራ ቢለውጠው ተገቢ ነው።

ስለ እጅ ሥራ ካነሣን ዘንድ አንድ ነገር ሳንናገር ልናልፍ አንወድም። በአገራችን ብረት ሠሪ ለረዥም ዘመን የተናቀ ሆኖ ኖሯል። በሠራው ማረሻ እየታረሰ፥ በሠራው ማጭድ እየታጨደ፥ እርሱ ራሱ ግን ከማኅበር ይገለል ነበር። ዳግማዊ ዓፄ ምኒልክ ይህን ተመልክተው በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አወጡ። በጅማም በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1952 ዓ.ም. የተከፈተው፥ ኋላም ለጅማ ዩኒቨርሲቲ አንዱ መሠረት የሆነው ትምህርት ቤት፥ ስሙ የእርሻና የቴክኒክ ትምህርት ቤት ይባል ነበር። እርሻንና ቴክኒክን በአንድ ስም ማጣመሩ ለገበሬ ልጅ ትልቅ ምክር ነው። ስለዚህ ጀማሪው ብየዳ ቤት ገብቶ፥ «ጋሼ፥ እባክዎን አጠገብዎ ቆሜ ልይ» ብሎ ለመጠየቅ ሊያፍር አይገባውም። ሁለት ሳምንት ከአዋቂ በያጅ ጎን መዋል፥ ወይም በቴክኒክና ሞያ ማሠልጠኛ ጥቂት ወራት መማር፥ ለብቻ በጓሮ ከሚደረግ የአንድ ዓመት ሙከራ ይበልጣል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንዲሉ።

ከሥራው በፊት ግን አደጋውን እንናገር። የብየዳ አደጋ በአራት መንገድ ይመጣል፤ በዓይን፥ በኤሌክትሪክ፥ በጭስና በእሳት።

በመጀመሪያ የዓይን ነገር ነው። ከቅስቱ የሚወጣው ብርሃን የምናየው ብቻ አይደለም፤ በዓይን የማይታይ፥ አልትራቫዮሌት የሚባል ብርቱ ጨረር አብሮት አለ። ይህ ጨረር የዓይንን የፊት ሽፋን ያቃጥላል። ተንኰሉም ወዲያው አለማሳመሙ ነው። ቀን ያለ መከላከያ ሲበይድ የዋለ ሰው ደኅና ነኝ ብሎ ራቱን በልቶ ይተኛል፤ እኩለ ሌሊት ሲሆን ግን ዓይኑ ውስጥ አሸዋ የተበተነ ያህል እየቈረቈረው፥ እንባው እየወረደ፥ የኩራዝ ብርሃን እንኳ እየወጋው ይነሣል። ሕመሙ ብዙውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይሽራል፤ ነገር ግን በየጊዜው ደጋግሞ ዓይንን ለጨረር መስጠት ዘላቂ ጉዳት ሊያስከትል ይችላል።

በየመንገዱ እንደምናየው በፀሐይ መነጽር መበየድ ራስን ማታለል ነው። የፀሐይ መነጽር ለፀሐይ ነው፤ ለቅስት የሚሆነው ፊትን በሙሉ የሚሸፍንና ቁጥር 10 ወይም 11 የሆነ ጥቁር መስታወት ያለው ማስክ ብቻ ነው። ማስክ በሌለበት ቀን ሥራ የለም ብሎ መቁረጥ ያስፈልጋል። ደግሞም በያጁ ራሱን ጋርዶ ልጆቹን መርሳት የለበትም። የጓሮ ሥራ ሲሠራ የቤት ልጅና የጎረቤት ልጅ ተሰብስቦ መመልከቱ የማይቀር ነው፤ ብርሃኑም ስለሚያምራቸው ዓይናቸውን አያነሡም። ስለሆነም ሥራው በቆርቆሮ ወይም በወፍራም ሸራ ሊጋረድ፥ ልጆችም ፈጽመው ሊርቁ ይገባል። ዓይኑ የተቃጠለ ሰው ወተትም ሆነ የቅጠል ጭማቂ ዓይኑ ውስጥ ከመጨመር ተጠብቆ፥ በጨለማ ቦታ ዓይኑን ጨፍኖ፥ በቀዝቃዛ ንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ ይረፍ፤ ከዚያም ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። በጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማዕከልም የዓይን ሕክምና ክፍል አለ።

ሁለተኛው ኤሌክትሪክ ነው። ወደ ማሽኑ የሚገባው 220 ቮልት ሰውን ሊገድል የሚችል ነው። ከማሽኑ የሚወጣው ያነሰ ቢሆንም፥ እርጥብ እጅና እርጥብ እግር ካገኘ እርሱም ገዳይ ሊሆን ይችላል። የጅማ ምድር ደግሞ ዝናቡ ብዙ፥ መሬቱም እርጥብ ነው። ስለዚህ በያጁ ደረቅ የቆዳ ጓንትና የጎማ ሶል ያለው ጫማ አድርጎ፥ በደረቅ ሳንቃ ላይ ቆሞ ይሥራ፤ ዝናብ ሲያካፋ ሥራውን ያቁም። የሽቦዎቹም ልባስ ያልተላጠ መሆኑ በየጊዜው ይታይ። ብዙ ጀማሪ በተለምዶ ግራውንድ የሚባለውን፥ በሚበየደው ብረት ላይ የሚነከሰውን ሽቦ፥ ሰውን ከኤሌክትሪክ የሚጠብቅ ይመስለዋል። ነገሩ እንዲህ አይደለም፤ ያ ሽቦ ኤሌክትሪኩ ወደ ማሽኑ የሚመለስበት መንገድ ነው። ሰውን የሚጠብቀው ከማሽኑ ቆርቆሮ ተነሥቶ መሬት ውስጥ የሚቀበረው ሌላው መስመር ነው። ደግሞም ትልቅ የብየዳ ማሽን የሚፈልገውን ኤሌክትሪክ የቤት ቆጣሪ ላይችለው ስለሚችል፥ አስቀድሞ የኤሌክትሪክ ባለሞያ ማማከር ይገባል። ከምሰሶው ላይ በቀጥታ ሽቦ መጥለፍ ሕግንም ሕይወትንም መድፈር ነው። በኤሌክትሪክ የተያዘ ሰው ቢኖር በእጅ ሳይነኩት ኤሌክትሪኩን ማቋረጥ ይቅደም።

ሦስተኛው ጭስ ነው። በዚህ በኩል ለጅማ አካባቢ ሰው በተለይ የሚነገር ነገር አለ። ዝገት እንዳይበላው በዚንክ የተለበጠ የውሃ ቧንቧ ወይም ሽቦ በሚበየድበት ጊዜ ዚንኩ ተቃጥሎ ነጭ ጭስ ይሆናል። ይህን ጭስ የሳበ ሰው ከጥቂት ሰዓት በኋላ ብርድ ብርድ ይለዋል፤ ያንቀጠቅጠዋል፤ ያተኩሰዋል፤ መገጣጠሚያውን ይቈረጥመዋል። ወባ በሚታወቅበት አገር ይህን ያየ ሰው ወባ ነው ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም። እንግዲህ ታማሚው ምርመራውን ሳይተው፥ ቀን ምን ሲበይድ እንደ ዋለ ለሐኪሙ ሊነግር ይገባዋል። ወተት መጠጣት ጭሱን ያጥባል የሚባለውም ተስፋ የሚጣልበት አይደለም፤ ወተት ወደ ሆድ እንጂ ወደ ሳንባ አይገባም። መድኀኒቱ በዚንክ የተለበጠ ብረት አለመበየድ፥ ሌላውንም ቢሆን ነፋስ በሚተላለፍበት ሜዳ ላይ መበየድ፥ ራስንም ከጭሱ ላይ ማንሣት ነው።

አራተኛው እሳት ነው። ከብየዳ የሚፈናጠቀው ፍንጣሪ ብዙ ርቀት ይሄዳል። በባለ ቡና ጓሮ ደግሞ የቡና ገለባ፥ ደረቅ የእንሰት ቅጠልና ጆንያ አይታጣም። ስለዚህ ቦታው ይጠረግ፤ ውሃና አሸዋ በቅርብ ይዘጋጅ፤ ሥራው ካለቀም በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ሳይለዩ መጠበቅ መልካም ነው። ቤንዚን፥ ናፍጣ ወይም ዘይት የነበረበትን በርሜል ግን ባዶ ነው ብሎ መበየድ ፈጽሞ የማይደፈር ነገር ነው። በርሜሉ ውስጥ የቀረው ትነት እንደ ቦምብ ይፈነዳልና።

አደጋውን ካወቅን ዘንድ ወደ ሥራው እንመለስ። ለጀማሪ የሚያስፈልገው መሣሪያ ብዙ አይደለም። የብየዳ ማሽን፥ ማስክ፥ የቆዳ ጓንት፥ ለመጠረቢያ ጊዜ የሚሆን ነጭ መነጽር፥ መጋዝ ወይም ግራይንደር፥ ቅርፊት መጥረቢያ መዶሻ፥ የሽቦ ብሩሽ፥ ሜትርና ስኳድራ ይበቃዋል። ኤሌክትሮዱ 2.5 ሚሊ ሜትር የሆነው ለቀጭን ብረት የተመቸ ነው። ኤሌክትሮድ እርጥበት አይወድም፤ በጅማ ክረምት ተከፍቶ የሰነበተ ኤሌክትሮድ ብየዳው ውስጥ ቀዳዳ ቀዳዳ ያወጣል። ስለዚህ ክዳኑ በሚገጥም ጣሳ ውስጥ ተደርጎ በደረቅ ቦታ ሊቀመጥ ይገባል።

ጀማሪው የገዛውን አዲስ ብረት በመጀመሪያው ቀን አይንካ። በመጀመሪያ በቁርጥራጭ ብረት ይለማመድ። ቁርጥራጩንም ቀለሙን፥ ዝገቱንና ቅባቱን በብሩሽ ያንሣለት፤ ቆሻሻ ያለበት ብረት ከሌላው ጋር አንድ አይሆንምና። ከዚያም ኤሌክትሮዱን ክብሪት እንደሚጭሩ ያህል በብረቱ ላይ ጭሮ ወዲያው ጥቂት ያንሣው፤ ቅስቱ ይለኰሳል። በመጀመሪያው ቀን ኤሌክትሮዱ ደጋግሞ ይጣበቅበታል። ይህ በሁሉም ላይ የሚደርስ ስለሆነ አይበሳጭ፤ ማስኩንም ሳያነሣ እጀታውን ጠምዘዝ አድርጎ ያላቅቀው።

ቅስቱ ከተለኰሰ በኋላ አራት ነገሮችን ይጠብቅ። አንደኛ፥ የኤሌክትሪኩ መጠን ነው። 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ላለው ብረት በ2.5 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ ከ60 እስከ 70 አምፔር ለመነሻ ይሆናል። መጠኑ ሲያንስ የቀለጠው ኤሌክትሮድ በብረቱ ላይ እንደ ሰም ተንጠባጥቦ ይቀራል እንጂ ወደ ውስጥ አይገባም፤ ሲበዛ ደግሞ ብረቱን ይበሳዋል። ሁለተኛ፥ ርቀቱ ነው። በኤሌክትሮዱ ጫፍና በብረቱ መካከል ያለው ክፍተት ከኤሌክትሮዱ ውፍረት መብለጥ የለበትም። ርቀቱ ልክ ሲሆን ቅቤ ሲነጠር እንደሚሰማው ያለ የተከታተለ ድምፅ ይሰጣል፤ ሲረዝም ድምፁ ይሻክራል፥ ፍንጣሪውም ይበዛል። ሦስተኛ፥ አያያዙ ነው። ኤሌክትሮዱ ከቀጥታው ጥቂት ዘንበል ብሎ፥ ጫፉ የቀለጠውን ብረት ከፊት እየመራ ይጐተታል። አራተኛ፥ ፍጥነቱ ነው። የፈጠነ እጅ ቀጭንና ጥልቀት የሌለው መስመር ይተዋል፤ የዘገየ እጅ ብረቱን ይከምራል ወይም ይበሳል። ዓይን መከተል ያለበትም ደማቁን ብርሃን ሳይሆን፥ ከሥሩ ያለውን የቀለጠ ብረት ነው። ያ የቀለጠ ብረት ሁለቱንም ወገን እኩል የነካ እንደሆነ ብየዳው ገብቷል።

መግባቱን የሚያረጋግጠው ግን ዓይን አይደለም፤ መዶሻ ነው። ጀማሪው ሁለት ቁርጥራጮችን በማዕዘን በይዶ፥ ቀዝቅዞ ቅርፊቱን ካራገፈ በኋላ፥ በሞርሳ አስሮ እስኪሰበር ድረስ ይምታው። የተሰበረውን ፊት ሲያይ አንደኛው ብረት እንደ ነበረ ለስልሶ ከተገኘ፥ ብየዳው በላዩ ተለጥፎ ነበር እንጂ አልተዋሐደም። መጋጠሚያው እንቢ ብሎ ብረቱ ራሱ የታጠፈ እንደሆነ ግን ደስ ይበለው፤ ሁለቱ አንድ ሆነዋል። ብዙ ሰው የሠራውን መስበር ይከብደዋል። ሆኖም ዛሬ በቁርጥራጭ ላይ ያልተሰበረው ስሕተት ነገ በቡናው ሥር ይሰበራል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለው የአባቶች ቃል ለብየዳ የተነገረ ይመስላል።

ልምምዱ ከሰመረለት አልጋውን ይጀምር። ርዝመቱ 2 ሜትር፥ ወርዱ 1 ሜትር፥ ከፍታው 90 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነ አልጋ ለጓሮ ይበቃል። ለዚህም ጎኑ 30 በ30 ሚሊ ሜትር፥ ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር የሆነ፥ ርዝመቱ 6 ሜትር የሆነ ቱቦላሬ ሁለት ይበቃዋል። ከአንደኛው 2 ሜትር የሆኑ ሁለት ረጃጅም ጎኖችና 94 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ሁለት አጫጭር ጎኖች ይወጣሉ። አጫጭሮቹ 94 መሆናቸው በረጃጅሞቹ መካከል ስለሚገቡ ነው። ከሁለተኛው ደግሞ 94 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ሁለት የመካከል ማገሮችና 90 ሴንቲ ሜትር የሆኑ አራት እግሮች ይቈረጣሉ፤ የሚተርፈው 50 ሴንቲ ሜትር ያህል ለአራቱ እግሮች 12 ሴንቲ ሜትር የሆነ ደጋፊ ይሆናል። በጠባቡ ጎን በሁለቱ እግሮች መካከል ከተረፈ ፌሮ አንድ ሰያፍ ቢጨመር አልጋው ወደ ጎን አይወላገድም።

ሲገጣጠም አንዱን ማዕዘን በይዶ ከጨረሱ በኋላ ወደ ሌላው መሄድ ስሕተት ነው። ብረት ሲግል ይለጠጣል፤ ሲበርድም ይሰበሰባል፤ በመሰብሰቡም ጓደኛውን ወደ ራሱ ይስበዋል። ስለዚህ አስቀድሞ አራቱም ማዕዘን በትንንሽ ነጥብ ብቻ ይያዝ፤ ከዚያም ከማዕዘን እስከ ማዕዘን በሰያፍ ይለካ። ሁለቱ ሰያፎች እኩል፥ ይኸውም እያንዳንዳቸው 223 ሴንቲ ሜትር ከ6 ሚሊ ሜትር ከሆኑ አልጋው ቀጥ ያለ ነው። ካልሆኑም ነጥቡ ገና ስላልጠና በመዶሻ መታ መታ አድርጎ ማቅናት ይቻላል። ከዚህ በኋላ አንድ ማዕዘን ከተበየደ ቀጥሎ በሰያፍ ያለው ተቃራኒው ይበየዳል፤ እንዲህ እየተፈራረቀ ያልቃል። ቱቦላሬው ቀጭን ስለሆነ ቢበሳበት ኤሌክትሪኩን ቀንሶ፥ ጥቂት እየነካ፥ እስኪጠቁር እየጠበቀ ይሙላው። ቅርፊቱን ሲያራግፍም ነጩን መነጽር አይርሳ፤ የጋለ ቅርፊት ዓይን ውስጥ ይፈናጠቃልና።

አልጋው ሲቆም የዝገት መከላከያ ቀለም ይቀባ። ቡና ግን ሽታ የሚስብ ፍሬ ስለሆነ፥ ቀለሙ ደርቆ ሽታው ፈጽሞ እስኪጠፋ ድረስ ቡና አይሰጣበት። በላዩ የሚዘረጋው ሽቦ በዚንክ የተለበጠ ስለሚሆን በመበየድ ፈንታ በቀጭን ሽቦ ይታሰር፤ በሽቦውም ላይ ንጹሕ መረብ ይነጠፍ። እግሮቹ ከአፈር ጋር እንዳይነካኩ በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ይቁሙ፤ የቱቦላሬው ክፍት አፍም ውሃ እንዳይገባበት በላሜራ ቁራጭ ይደፈን።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን እንደሚያስፈልግ በቁጥር እንመልከተው። በዚህ አልጋ ላይ ቀይ የቡና ፍሬ በ3 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ቢሰጣ፥ ስድሳ ሊትር ያህል ይይዛል፤ ክብደቱም ወደ 35 ኪሎ ግራም ይጠጋል። በዚህ ላይ ቡናውን የምታገላብጠው እናት ክንዷን ትደገፍበታለች፤ ልጅም ይንጠለጠልበታል። ይህን ሁሉ የሚሸከሙት በየመጋጠሚያው ያሉት የጣት ርዝመት የማያህሉ የብየዳ መስመሮች ናቸው። ቀለም ከተቀቡ በኋላ የተዋሐደውና የተለጠፈው ብየዳ በዓይን አይለዩም፤ ልዩነታቸውን የሚያውቀው የሠራው ሰው ብቻ ነው።

ጊዜውንም መምረጥ ይገባል። ጅማ ላይ ዝናቡ ሲበረታ ቡናው ገና በዛፉ ላይ ነው፤ ፍሬው የሚለቀመው ከጥቅምት ጀምሮ ነው። አልጋውን በመስከረም የሚጀምር ጀማሪ በእርጥብ መሬት ላይ እየቸኰለ ይሠራል፤ ችኰላና እርጥበትም የብየዳ ሁለቱ ጠላቶች ናቸው። መከሩ ካለቀ በኋላ ባሉት ደረቅ ወራት፥ በጥርና በየካቲት፥ ልምምዱን የጀመረ ሰው ግን ሳይቸኵል ሰብሮም ጠግኖም ለመማር ጊዜ አለው።

ክቡራንና ክቡራት አድማጮች፤ ጓሮውን በራሱ እጅ የሚያለማ ወጣት ለቤተሰቡም ለአገሩም ጠቃሚ ነው። አንድ አልጋ የሠራ ሰው በሚቀጥለው ዓመት የችግኙን ጥላ፥ በሌላውም ዓመት የአጥሩን በር ይሠራል፤ ጎረቤቱም ሥራውን አይቶ ይጠራዋል። እንዲህ ሆኖ በሞያው እንጀራ ሊበላበት ይችላል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን ዓይኑ ደኅና እስከሆነ ድረስ ነው። አልጋ ቢፈርስ ይታደሳል፤ ብረት ቢበላሽ ሌላ ይገዛል፤ ለዓይን ግን ሁለተኛ ገበያ የለውም። ስለዚህ ማሽኑን ለመዋስ የሄደው ወጣታችን፥ ማስኩንም አብሮ ሳይዋስ ወደ ሰቃ እንዳይመለስ እየመከርን፥ ንግግራችንን በዚሁ እንፈጽማለን።